ሳልመልስ የቀሩት ኢሜይሎች

«ኢሜይሌን አላየኸውም እንዴ?» አለኝ ደንበኛዬ ደውሎ። አይቼዋለሁ። «ማታ እመልሳለሁ» ብዬ በዚያው ረሳሁት። የትርጉም ሥራውም ለሌላ ሰው ተሰጠ። ስልኩን ስዘጋ አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ስንቱን እንዲህ አድርጌ ይሆን?

የሦስት ዓመት ኢሜይል በእጅ መፈተሽ የማይታሰብ ነው። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ትንሽ እሞካክራለሁና በእሱ ልሥራው አልኩ። በመደበኛው የይለፍ ቃል ግን ጂሜይል አላስገባ አለኝ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብርቼ፣ ለፕሮግራሙ ብቻ የሚሆን ባለ 16 ፊደል የይለፍ ቃል አወጣሁ።

መጀመሪያ የመጡልኝንና የላክኋቸውን ርዕስ ከርዕስ ማመሳከር ጀመርኩ። ግማሹ ሰው ርዕሱን «ሰላም» ነው የሚለው፤ ተውኩት።

የሚያዋጣው ሌላ ነው። እያንዳንዱ ኢሜይል ሜሴጅ አይዲ የሚባል መለያ አለው፤ እንደ መታወቂያ ቁጥር በሉት። ሪፕላይ ብላችሁ ስትመልሱ ያ ቁጥር በመልሳችሁ ራስጌ (ከጽሑፉ በላይ ባለው የመረጃ ክፍል) ላይ፣ ኢን-ሪፕላይ-ቱ በሚባለው መስመር ይሰፍራል። ከላክኋቸው ኢሜይሎች እነዚህን ቁጥሮች ለቀምኩ። ከመጡልኝ ውስጥ ቁጥሩ እዚያ የሌለው አልተመለሰም ማለት ነው። በዚያው ውይይት የቀደሙትን ኢሜይሎች ቁጥር የሚይዘውን፣ ሪፈረንስስ የሚለውንም መስመር ጨምሩ፤ ሰው በዚያው ላይ ሦስቴ አከታትሎ ጽፎ ለመጨረሻው ብቻ መልሳችሁ ሊሆን ይችላላ።

ጉዱ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ራስጌው ይበቃኝ ነበር፤ እኔ ሙሉውን ኢሜይል እንዲያመጣ አዘዝኩት። ሰርቨሩም ሁሉንም «ተነቧል» ብሎ መዘገበው። በደማቁ የተጻፉት ያልተነበቡ ኢሜይሎች የእኔ ማስታወሻ ነበሩ፤ በአንድ ደቂቃ ድራሻቸው ጠፋ። ትእዛዙ ላይ «ፒክ» (አጮልቆ ማየት) የምትል ቃል ብጨምር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። እናንተ የኢሜይል ሳጥኑን ከመጀመሪያው ለንባብ ብቻ ክፈቱት።

የመጀመሪያው ዝርዝር ከ4 ሺህ በላይ ሆነ። ሊስት-አንሰብስክራይብ የሚል፣ ማለትም ከጅምላ መላኪያ ዝርዝር መውጫውን የሚያሳይ መስመር ራስጌው ላይ ያለበትን ሁሉ ስጥል ማስታወቂያው ተጠረገ፤ 200 ገደማ ቀረ። የጥያቄ ምልክት ያለበትን ብቻ ላስቀር ብዬም ነበር። ለእኛ ሰው አይሠራም። «እስቲ ዋጋውን ንገረኝ» ብሎ በአራት ነጥብ ይዘጋል፤ ለዚያውም አራት ነጥቡ ከተገኘ። ቀሪውን ቡናዬን ይዤ አንድ በአንድ አየሁት። ብዙው «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ነው። አንዳንዱን ደግሞ በቴሌግራም መልሼዋለሁ፤ ኮዱ ይህን ከየት ይወቀው?

በመጨረሻ 17 ቀሩ። አንዱ ከ11 ወር በፊት የመጣ ነው፤ የልጇን የልደት ሰርተፍኬት ማስተርጎም የፈለገች እናት። «ለመስከረም ምዝገባ ይድረስልኝ» ይላል መጨረሻው። ተሸማቅቄ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፍኩላት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መለሰች፦ «ሌላ ሰው ሠርቶልኛል፣ አይዞህ። ደህና ነህ ግን?»