የአያቴ ግድግዳ ላይ የተዘቀዘቀው ጋዜጣ

ባለፈው ሰኔ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ያለውን የአያቴን ቤት ለማደስ ተሰባሰብን። የጭቃ ቤት ነው። የውስጡ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ ጋዜጣ ተለጥፎበታል፤ አንዱ ባንዱ ላይ፣ የአንድ ዓመቱ በሌላው ዓመት ላይ። እኛ የልጅ ልጆቿ ፊደል የለየነው እዚያ ላይ ነው። አሁን በሲሚንቶ ሊለሰን ስለሆነ ጋዜጣው መነሳት ነበረበት። እኔ አንዷን ገጽ ሳላወጣ ማንም እንዳይነካው አልኩ። ከአልጋዋ ራስጌ ያለችውን፣ የተዘቀዘቀችውን።

ያቺ ገጽ ከልጅነቴ ጀምሮ ትገርመኛለች። ጽሑፏ ሁሉ እግሩ ወደ ላይ ነው። አያቴ ስትለጥፋት ማንበብ አትችልም ነበር። ክረምት ነው፣ ከጣና የሚነሳው ንፋስ በግድግዳው ስንጥቅ ይገባል። ወንድ አያቴ ከሚሠራበት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተነበበ ጋዜጣ ይዞላት ይመጣል። እሷ ሊጥ በጥብጣ ትለጥፋለች። ዋናው ብርዱ መዘጋቱ ነው።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። የዚያችን የአንድ ቀን ጋዜጣ ርዕሶች በሙሉ ጽፌ፣ ቤተሰቡ ቡና ላይ ሲሰበሰብ ላነብላቸው።

መጀመሪያ በደረቁ ልልጥ ስሞክር የቀኙ ጠርዝ ተቀደደ፤ አንድ ሙሉ ዓምድ ሄደ። ያ እስካሁን ይቆጨኛል። ከመንካቴ በፊት ፎቶ ማንሳት ነበረብኝ። ስልክ ኪሴ ውስጥ ነበር። ከዚያ አክስቴ መጣችና «ጨርቅ በሞቀ ውሃ ነክረህ ያዝበት። ሊጥ አይደል፣ ራሱ ይለቃል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ትንሽ ትንሽ እያረጠብን፣ በስለት ጀርባ እየገፋን፣ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀብን። ግን ወጣች።

ቀኗ ሐምሌ 5 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው። ሳየው ደነገጥኩ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ነው፤ አራት ቀን ብቻ ቢሆነው ነው። የገጹም ግማሽ ስለ ዘመቻው ነው። ማንበብ የማትችል ሴት፣ ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ሊማሩ መሆኑን የሚያወራ ጋዜጣ ዘቅዝቃ ለጥፋለች ማለት ነው።

ርዕሶቹን ደብተር ላይ ስገለብጥ የታዘብኩት ነገር አለ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚያልቁት በአንድ ቃል ነው፦ ተገለጸ። የተረፉት «ተባለ»፣ «ተጠናቀቀ»፣ «ጥሪ ቀረበ» ይላሉ። ስብሰባው ቢሆን፣ ማዳበሪያው ቢሆን፣ የእንግዶች መምጣት ቢሆን ሁሉም ይገለጻል።

ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ተፈላ። የፋብሪካው ጡረተኛ ጎረቤታችንም መጡ። እኔ ስለዘመኑ ማብራሪያ አዘጋጅቼ ነበር። ሁለት ርዕስ ካነበብኩ በኋላ ወረቀቱን አጠፍኩት፤ ሰዉ የኔን ማብራሪያ አልፈለገም። የእህቴ ልጆች ዜማውን ያዙት። እኔ ርዕሱን እስከ መጨረሻው ቃል አነባለሁ፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ተገለጸ!» ይላሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ጎረቤታችን እንባቸውን እየጠረጉ «ማን ነው ግን የሚገልጸው? ለማንስ ነው?» ብለው ጠየቁ። መልስ የሰጠ የለም።

አያቴ ግን አልሳቀችም። «እኔ መጀመሪያ ያነበብኳት ቃል እሷ ናት» አለች።

ሁላችንም ዝም አልን።

በዚያው ክረምት ማታ ማታ ትማር ነበር። ስትመለስ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ግድግዳውን ታያለች። አንዲት ቃል በየርዕሱ ጫፍ ትደጋገማለች። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ከክፍል እያመጣች፣ አንገቷን አዘንብላ፣ በስተመጨረሻ ፈታቻት። «ተ... ገ... ለ... ጸ። ጮኬ አያትህን ቀሰቀስኩት» አለችን። ይህን ታሪክ እናቴ እንኳ ሰምታው አታውቅም። አርባ ምናምን ዓመት ማንም አልጠየቃትም።

ከታች በኩል፣ በውጭ ዜና ውስጥ፣ አንዲት አጭር ርዕስ ነበረች፤ የአሜሪካ የጠፈር ጣቢያ ስለመውደቁ። ይህችን ልዘላት ነበር። ደግነቱ ቀድሜ አጣርቼ ነበር። ስካይላብ ይባላል፤ 1965 ላይ ወደ ጠፈር የወጣ፣ 77 ቶን ገደማ የሚመዝን ጣቢያ ነው። ሐምሌ 4 ቀን 1971 ተሰባብሮ ሕንድ ውቅያኖስ ላይና ምዕራብ አውስትራሊያ ላይ ወደቀ። የት እንደሚወድቅ በትክክል የሚያውቅ ስላልነበር ዓለም ሁሉ አንጋጦ ነበር። ጎረቤታችን ወዲያው አስታወሱት። ወሬው ፋብሪካው ድረስ ደርሶ፣ ፈረቃ ሲወጡ ሰማይ ሰማይ እያዩ ይሄዱ እንደነበር ነገሩን።

ቀሪውን እኔ ጨመርኩላቸው። አንድ የሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ የመጀመሪያውን ስባሪ በ72 ሰዓት ውስጥ ላመጣለት 10,000 ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ነበር። ኤስፔራንስ ከምትባል የአውስትራሊያ ከተማ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ስባሪውን ይዞ በአውሮፕላን በረረና ሽልማቱን ወሰደ። የኤስፔራንስ አስተዳደር ደግሞ ናሳን ቆሻሻ ጥለሃል ብሎ 400 ዶላር ቀጣው። ልጆቹ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። አያቴ ግን ፍርዱን ወደደችው። «ደግ አደረጉ። ሰው ደጅ ላይ ይጣላል እንዴ?» አለች።

እንዲህ ያለ ነገር ለማድረግ ለሚያስብ ሰው ከልቤ የምመክረው አንድ ነገር አለ። የዓመት ጋዜጣ አትሰብስቡ፤ የአንድ ቀን ይበቃል። አንድ ቀን ሲሆን ሰው «ያን ቀን የት ነበርኩ?» ብሎ ያስባል። ማስታወቂያዎቹንም አትዝለሉ። ማኅተም ጠፍቶብኛል የሚለውና የሐራጁ ጥሪ ከትልልቁ ርዕስ ይልቅ ሰው ያናግራሉ። በተረፈ ሽማግሌ አስቀምጡና ዝም በሉ።

ገጿን በመስታወት አስገብቼ አዲስ አበባ ልወስዳት አስቤ ነበር። አያቴ እምቢ አለች። ግድግዳው ሲደርቅ እዚያው ራስጌዋ ላይ፣ አሁን ቀና አድርገን መለስናት። እሷ ግን አሁንም ስታነባት አንገቷን ታዘነብላለች።