በሩን ማን ይከፍተዋል?

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችንን ለማነቃቃት የድርጅቶችን ደጅ መጥናት ስጀምር የምጠይቀው መጽሐፍ ብቻ ነበር። መጽሐፉም መጣ። 32 ካርቶን። ሥራ አስኪያጁ ሪባን ቆረጡ፣ ፎቶ ተነሣን፣ የድርጅቱ ሎጎ በሩ ላይ ተለጠፈ።

በማግስቱ ካርቶኖቹን ከፈትን። ጊዜው ያለፈበት የኮምፒውተር መመሪያ፣ የሒሳብ አያያዝ መማሪያ፣ የአንድ መጽሐፍ 40 ኮፒ። ግማሹ አንባቢዎቻችን በማይችሉት ቋንቋ የተጻፈ ነው። የልጆቹ መደርደሪያ ባዶውን ቀረ። አልፈርድባቸውም። የሚያስፈልገንን ዘርዝሬ ስላልሰጠኋቸው ያላቸውን ሰጡን።

የባሰው ከ6 ወር በኋላ መጣ። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያችን ኮንትራት አለቀ፤ ደሞዟን የሚሸፍን በጀት ጠፋ። በሩ ተቆለፈ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጎራ ይሉ የነበሩ ልጆች በመስኮቱ አጮልቀው አይተው ሲሄዱ አየሁ። ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የአንድሩ ካርኔጊን ታሪክ ረጋ ብዬ ያነበብኩት ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1883 እስከ 1929 በዚህ የብረት ባለሀብት ገንዘብ ከ2,500 በላይ ቤተ መጻሕፍት ተሠርተዋል። ሰው የሚያወራው ስለ ሕንፃዎቹ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ቅድመ ሁኔታው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከተማው መሬቱን ያቀርባል፤ ካርኔጊ ከሰጠው ገንዘብ 10 በመቶ የሚሆነውን ደግሞ በየዓመቱ ለሥራ ማስኬጃ ለመመደብ ቃል ይገባል። አለዚያ ሕንፃ የለም። እንዲያም ሆኖ ቃላቸውን ያልጠበቁ ከተሞች ነበሩ።

ፕሮፖዛሌን ቀደድኩና በአንድ ገጽ አዲስ ጻፍኩ። የመጀመሪያው መስመር፦ የባለሙያዋ ደሞዝ ለ3 ዓመት። መጽሐፍ አራተኛ ላይ ወረደ።

አምስት ድርጅቶች እንቢ አሉኝ። አንድ የማርኬቲንግ ኃላፊ እውነቱን ነገሩኝ፦ «ደሞዝ ላይ ሎጎ አይለጠፍም።» ልክ ናቸው። የተሳሳተ ክፍል ነበር የማንኳኳው።

ስድስተኛው ድርጅት ጋ የሄድኩት ደሞዝ በሚከፈልበት ቀን ነው። ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ የደሞዝ መቀበያው ወረቀት ፊት ለፊቴ ነበር። በፊርማ ቦታ ሰማያዊ የጣት አሻራ። ከሥሩ ሌላ አሻራ። ከሥሩ ደግሞ ሌላ። የሰው ኃይል ኃላፊዋን ሳገኛቸው ያዘጋጀሁትን ትቼ፣ «እነዚህ ሠራተኞች የአደጋ ማስጠንቀቂያውን እንዴት ያነቡታል?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «ጓደኞቻቸውን ይጠይቃሉ» አሉኝ። ወሬያችን የተጀመረው ከዚያ ነው።

በዓለም ላይ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ወጣቶችና ጎልማሶች ከ700 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ቁጥሩን ለስንቱ ድርጅት ጽፌዋለሁ፤ ማንንም አላነቃነቀም። የራሳቸው ሠራተኞች አሻራ ግን አነቃነቃቸው።

የመግባቢያ ሰነድ አልፈለግኩም፤ ውል ጠየቅኩ። ድርጅቱ የባለሙያዋንና የአንድ የጎልማሶች አስተማሪ ደሞዝ ለ3 ዓመት ይከፍላል፤ ለሠራተኞቹም በሳምንት ሁለት ቀን አንድ አንድ ሰዓት ከሥራ ሰዓት ይሰጣል። የከተማው አስተዳደር መብራት፣ ውሃና ጥበቃ ይችላል፤ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ደሞዙን ቀስ በቀስ ይረከባል። መጽሐፍ የምንመርጠው እኛ ነን። እዚህ ላይ ትንሽ ተጨቃጭቀናል። የልጆቹ ክፍል ግድግዳ በምርቶቻቸው ማስታወቂያ እንዲሸፈን ፈልገው ነበር። የኢፍላን (የዓለም አቀፉን የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን) እና የዩኔስኮን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶ አውጥቼ አሳየኋቸው፤ ስብስቡም አገልግሎቱም ከንግድ ተጽዕኖ ነፃ መሆን አለበት ይላል። በመጨረሻ መግቢያው ላይ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ይበቃናል አሉ። ሪፖርቱን በየ3 ወሩ እልካለሁ፦ በሩ ስንት ሰዓት ክፍት ነበር፣ ስንት መጽሐፍ ተዋሰ። አንድ ገጽ ነው።

በሩ ከተከፈተ በኋላ አንድ ጋሼ ይመጡ ጀመር። የድርጅቱ ሠራተኛ አይደሉም፤ የሰፈር ሰው ናቸው። «ልጄ፣ መነጽሬን ረስቼ ነው፤ እስቲ ይችን አንብቢልኝ» ብለው ደብዳቤ ለባለሙያችን ይሰጧታል። በሳምንቱም መነጽራቸውን ረስተዋል። በሌላውም ሳምንት። እሷ አንድም ቀን አላሳፈረቻቸውም። ስታነብላቸው ጣቷን ከቃሉ ሥር እያስኬደች፣ ቀስ ብላ ነው። በአራተኛው ሳምንት «ጋሼ፣ ማታ ማታ እዚሁ ክፍል አለን፤ ለምን አይቀመጡም?» አለቻቸው። ተቀመጡ። እንዲህ ያለውን ሥራ ካርቶን ሙሉ መጽሐፍ አይሠራውም።

ከወራት በኋላ አንድ መጽሐፍ ተዋሱና መዝገቡ ላይ ስማቸውን ራሳቸው ጻፉ። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ ከመስመሩ አልፈው የሚቀጥለውን ሰው ቦታ ይዘዋል።

አሁን ሦስተኛው ዓመት ላይ ነን። አስተዳደሩ የባለሙያዋን ደሞዝ ግማሽ ተረክቧል። ቀሪው ለመጪው በጀት እንዲያዝ ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ አስገብቻለሁ። ጋሼን አስፈቅጄ ያንን የመዝገብ ገጽ ኮፒ አድርጌ አያይዤዋለሁ።