ከእጥረት የተወለደ ዘይቤ፦ የኒው ዮርክ ሲቲ ባሌት ታሪክ

ስለ አሜሪካው የዳንስ ቡድን ስለ ኒው ዮርክ ሲቲ ባሌት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ፍጥነቱን፣ ጥራቱንና ጌጥ አልባነቱን ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው የዳንስ ደራሲ ጆርጅ ባላንቺን ከሩሲያ ይዞት እንደመጣ ያለቀለት ሐሳብ አድርጎ ያቀርበዋል። እኔ ግን የቡድኑን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው፤ ዛሬ የቡድኑ መለያ ተብለው ከሚጠቀሱት ጠባዮች ብዙዎቹ የተወለዱት ካልበቁ ተማሪዎች፣ ከጠባብ መድረክና ከባዶ ካዝና ነው። የባላንቺን ሊቅነት በእጁ ያለውን ጥቂት ነገር እንደ ጉድለት ሳይቆጥር መሥራቱ ላይ ይመስለኛል።

ባላንቺን በ1904 (ቀናቱና ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሴንት ፒተርስበርግ ከጆርጂያዊ የሙዚቃ ደራሲ ተወልዶ፣ በንጉሠ ነገሥቱ የቲያትር ትምህርት ቤት ተኮትኩቶ ያደገ ሰው ነው። በ1924 ሶቪየት ኅብረትን ለቆ ከወጣ በኋላ ሩሲያዊው ዲያጊሌቭ በአውሮፓ በሚመራው የባሌት ቡድን ውስጥ የዳንስ ድርሰቶችን ሲሠራ ቆየ። በ1933 ሊንከን ከርስታይን የተባለ የሃያ ስድስት ዓመት አሜሪካዊ ለንደን ላይ አግኝቶት አሜሪካ የራሷ ባሌት እንዲኖራት ያለውን ሕልም ባጫወተው ጊዜ፣ ባላንቺን በቅድሚያ ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ፈለገ። በዚህም መሠረት የአሜሪካ ባሌት ትምህርት ቤት በጥር 1934 ማንሃተን ውስጥ ሥራ ጀመረ።

በዚያው ዓመት በቻይኮቭስኪ ሙዚቃ የሠራው «ሴሬናድ» የዚህ ሁሉ ታሪክ ቁልፍ ነው። ባላንቺን ራሱ እንደተረከው፣ በመጀመሪያው ቀን ልምምድ የመጡት አሥራ ሰባት ሴቶች ስለነበሩ መክፈቻውን ለአሥራ ሰባት ሠራው፤ በሌላ ቀን ጥቂቶች ሲመጡ ለጥቂቶቹ፣ ወንዶች ብቅ ሲሉም ወንዶቹን ጨምሮ ቀጠለ። አንዷ ተማሪ ዘግይታ ስትገባ መዘግየቷን፣ ሌላዋ ስትወድቅም መውደቋን በድርሰቱ ውስጥ አስቀረው። መጋረጃው ሲገለጥ ሴቶቹ ቀኝ ክንዳቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ቆመዋል፤ እግሮቻቸው እንደ ማንኛውም ሰው እግር ትይዩ ናቸው። ቆይተው ሁሉም በአንድ ቅጽበት የእግር ጣቶቻቸውን ወደ ውጭ ይከፍታሉ፤ ይህም የባሌት ተማሪ በመጀመሪያ ትምህርቱ የሚማረው አቋቋም ነው። ተረት የለም፣ ልዕልት የለችም፤ ተራ ቆመው የነበሩ ሰዎች ዳንሰኞች ሲሆኑ ግን እናያለን።

ቀጣዮቹ ዓመታት ውጣ ውረድ የበዛባቸው ነበሩ። ባላንቺንና ዳንሰኞቹ በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ የነበራቸው ቆይታ በ1938 አበቃ፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ዳንሰኞቹን በታተነ። በ1946 ባላንቺንና ከርስታይን ለአባላት ብቻ የሚያሳይ ማኅበር አቋቋሙ። ሲቲ ሴንተር የተባለው የኒው ዮርክ ቲያትር ቤት የፋይናንስ ኃላፊ የነበረው ሞርተን ባም ሥራቸውን አይቶ በመማረኩ በቲያትር ቤቱ እንዲያሳዩ ጋበዛቸው፤ ቡድኑም ኒው ዮርክ ሲቲ ባሌት ተብሎ ጥቅምት 11 ቀን 1948 የመጀመሪያ ትርዒቱን አቀረበ።

ገንዘብ ግን እንዳጠረ ነበር። «አራቱ ጠባዮች» የተባለው ሥራ በ1946 ሲቀርብ የዳንሰኞቹን አካል የሚውጥ ከባድ ልብስ ነበረው። ባላንቺን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያን አውልቆ በልምምድ ልብስ አስደነሳቸው፤ ገላ ላይ የሚጣበቅ ጥቁር ልብስ፣ ታይትና ባዶ መድረክ ከዚያ ወዲህ የቡድኑ መታወቂያ ሆኑ። ልብሱ ሲቀልል ጉልበቱ፣ ዳሌውና እያንዳንዱ የእጅ ጣት ስለሚታይ ስሕተት መደበቂያ ያጣል፤ ስለዚህ ሥልጠናውም ተለወጠ። ነባሩ የአውሮፓ ሥልጠና እግር ወደ ኋላ ሲነሣ ዳሌ እኩል እንዲሆን ሲጠይቅ፣ እዚህ መስመሩ እንዲረዝም ዳሌው ይከፈታል። ለሽክርክሪት ሲዘጋጁ የኋላው እግር ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ተመልካቹ ሽክርክሪቱ መቼ እንደሚነሣ አስቀድሞ አያውቅም። ዳንሰኛው ሚዛኑን ጠብቆ ከመቆም ይልቅ ከሚዛኑ ወጣ ብሎ መንቀሳቀስ ይፈቀድለታል፤ ይጠበቅበታልም።

የዚህ ሁሉ ጥግ በ1957 የቀረበው «አጎን» ነው። በስትራቪንስኪ ሙዚቃ አሥራ ሁለት ዳንሰኞች ብቻ ይጫወቱታል። ሙዚቃው ምቱን በየጊዜው ስለሚለዋውጥ ዳንሰኛው በጆሮው ብቻ ሊተማመን አይችልም፤ እየቆጠረ ነው የሚደንሰው። የጥንዶቹን ክፍል ባላንቺን የሠራው ለጥቁሩ አርተር ሚቸልና ለነጯ ዳያና አዳምስ ነበር፤ ያ ዘመን በአሜሪካዋ ከተማ በሊትል ሮክ ጥቁር ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤት ለመግባት ወታደር ያጀባቸው ዘመን መሆኑን ላስታወሰ ሰው፣ ሁለቱ ክንድና እግራቸውን አጠላልፈው የሚታዩበት ያ ዳንስ ያለ አንዳች ታሪክ ብዙ ይናገራል። ቡድኑን «ቀዝቃዛ» የሚሉ ተቺዎች ይህን ክፍል እንዴት እንደሚያዩት ይገርመኛል። ሚቸል በ1969 ከካረል ሹክ ጋር የሃርለም ዳንስ ቲያትርን መሠረተ።

ተረት አልባ ነው የሚባለው ቡድን ኪሱን የሚሞላው ግን በተረት ነው፤ በ1954 የተጀመረው «ነትክራከር» የትምህርት ቤቱን ልጆች እያሳተፈ በየገና ሰሞን ይቀርባል። ሌላው የዳንስ ደራሲ ጀሮም ሮቢንስም በ1949 ቡድኑን ከተቀላቀለ ወዲህ ቀልድና የከተማ ሰው ጠባይ ጨመረበት። በ1964 ወደ ሊንከን ሴንተር፣ ወደ ኒው ዮርኩ የኪነ ጥበብ ማዕከል ሲዛወሩ መድረኩ ሰፋ፤ በ1967 የቀረበው «ጌጣጌጦች»ም እንደ ስሙ ያብረቀርቃል። ከሦስቱ ክፍሎቹ እኔ የምመርጠው «ሩቢ»ን ነው፤ ሌሎቹ ያማሩ ናቸው፣ እርሱ ግን ይቀልዳል።

ባላንቺን በሚያዝያ 1983 ሲሞት አመራሩ ወደ ፒተር ማርቲንስና ወደ ሮቢንስ ተሻገረ፤ በ2019 ደግሞ ጆናታን ስታፎርድና ዌንዲ ዌለን ኃላፊነቱን ተረከቡ። ሥራዎቹን ሌሎች ቡድኖች ሲወስዱ የባላንቺን ባለአደራ ተቋም የቀድሞ ዳንሰኞችን እየላከ ያስጠናል። እርምጃው በዚህ መንገድ ሳይዛነፍ ይተላለፋል፤ ፍጥነቱን ማስተላለፍ ግን ይከብዳል። ባላንቺን በባክ ሙዚቃ የሠራው «ኮንቼርቶ ባሮኮ» ምቱ ተጎትቶ፣ እያንዳንዱ አቋም ለፎቶግራፍ እንደተዘጋጀ ተይዞ ሲቀርብ፣ የባክ ሁለት ቫዮሊኖች አንዱ ሌላውን የሚያሳድድበት ስሜት ይጠፋና የሚቀረው ያማረ አቋም ብቻ ይሆናል።