በረኪና የበላት ሳህን

እሑድ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት።

ዛሬ ቡፌውን ባዶ አድርጌ አሮጌ ሳህኖቼን አንድ በአንድ አጠብኩ። አንድ በአንድ ስል የምሬን ነው። የላስቲክ ሳፋ፣ ከሥሩ የታጠፈ ፎጣ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና፤ ቀለበቴንም አወልቃለሁ። ሁለት ሳህን አንድ ሳፋ ውስጥ ከገቡ መጋጨታቸው አይቀርም። ወርቅ ጠርዝ ያላቸውን በስፖንጅ አልፈትግም፤ ወርቁ ከልባሱ፣ ማለት ሳህኑን ከሚሸፍነው መስታወት መሰል ሽፋን፣ በላይ ስለተቀባ በፈተጉት ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል።

ከሁሉም ሥር ያቺ ሰማያዊ ሳህን አለች። ድልድይ፣ የአኻያ ዛፍ፣ ከላይ ሁለት ወፎች። ስገዛት የቻይና መስላኝ ነበር። ለካ ይህ ሥዕል በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ እንግሊዞች ቻይናን አስመስለው ያወጡት ነው። በብሩሽም አልተሳለም። በመዳብ ላይ የተቀረጸው ሥዕል በስስ ወረቀት ይገለበጥና ሳህኑ ላይ ይለጠፋል። የእኔዋ ጠርዝ ላይ የወረቀቱ ሁለት ጫፎች አልገጠሙም፤ አንድ አበባ ግማሹ ጠፍቶ ከሌላ አበባ ግማሽ ጋር ተጣብቋል። የለጠፈው ሰው እጁ ቸኩሎ ነበር መሰለኝ። ከሳህኗ ሁሉ የምወደው ይህን ቦታ ነው።

በጀርባዋ የአገር ስም የለም። አሜሪካ ከ1891 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት ስላስገደደች፣ «ኢንግላንድ» የሚል ያለበት ሳህን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። የሌለበት ሁሉ ግን ከዚያ በፊት ነው ማለት አይደለም። እኔ ግን «ከዚያ በፊት የተሠራች ናት» ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ።

ጥፋቴ ግን እሱ አይደለም። መሃሏ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ቡናማ እድፍ ነበር። አንድ ማታ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፌያት ተኛሁ። ጠዋት እንደ በረዶ ነጭ ሆና ስትወጣ ደስታዬን አልችለውም ነበር። ከወር በኋላ ፊቷ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር አየሁ፤ ስጠርገው ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ ልባሷ ሰሊጥ ሰሊጥ እያከለ ይላቀቅ ጀመር። በረኪናው ፀጉር በሚያክሉት ስንጥቆች ገብቶ፣ ሲደርቅ የተወው ጨው ከውስጥ እየገፋ ነው።

ፖርሴሊን ብትሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ፖርሴሊን ካኦሊን ከሚባል ነጭ አፈር ተሠርቶ በ1,300 ዲግሪ አካባቢና ከዚያም በላይ ስለሚተኮስ ገላው ራሱ ወደ መስታወት ይጠጋል፤ ውሃ አያሰርግም። (አውሮፓ ይህን ለማወቅ ስንት ዓመት ደክማለች! «ወርቅ ሥራ» ተብሎ የሳክሶኒ (ጀርመን) ገዢ እስረኛ የነበረው ቦትገር የሚባል ሰው ወርቁ አልሆንልህ ብሎት ፖርሴሊን አገኘ፤ የማይሰን የፖርሴሊን ፋብሪካ በ1710 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው በዚያ ነው። እኛስ «ሲኒ» የምንለው ቃል ከዐረብኛ «የቻይና» መጥቶ የለ?) የእኔዋ ግን ልባስ የለበሰች ተራ ሸክላ ናት። አምፖል ፊት ይዣት ቢሆን ከኋላዋ የጣቴ ጥላ አለመታየቱ ይነግረኝ ነበር። የአሥር ሰከንድ ሥራ።

ሳስበው፣ እኔ ቤት ከገቡት ውስጥ በአጠቃቀም የተበላሸ ዕቃ የለም። ያበላሸኋቸው ሁሉ ላሳምራቸው ስል ነው።

ዛሬም ተደገመ ለማለት ትንሽ ቀረኝ። ወርቅ ጠርዟን ሲኒ ለብ ያለው ውሃ ውስጥ ስነክራት ጆሮዋ እጄ ላይ ቀረ። ስብራቱ ላይ ቡናማ የድሮ ማጣበቂያ አለ፤ ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ጠግኗት ኖሯል፤ ውሃው አላቀቀው። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ በጆሮዋ አንጠልጥዬ ሳነሳት የኖርኩት በዕድል ነው።

ሱፐር ግሉ መሳቢያ ውስጥ ነበር። መሳቢያውን ከፈትኩት፣ መልሼ ዘጋሁት። ጆሮዋን በለስላሳ ወረቀት ጠቅልዬ ሲኒዋ ውስጥ አስቀመጥኩ። ከዚያ በየሳህኑ መሃል ወረቀት እያደረግኩ ደረደርኩ፤ ሰማያዊዋን ግን ዛሬ ከሥር አልመለስኳትም፣ ከላይ አደረግኳት። እጄ ላይ ነጭ ዱቄት ቀርቷል።