«ባላገር» ማለት ባለ አገር ነው

ባለፈው እሑድ አንድ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ደወለ። «አውሮፓ ድረስ ሄደህ የገበሬ ሙዚየም ገባህ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ እስካሁን ውስጤ ቀርቷል።

የምኖረው ቼክ ውስጥ፣ ፕልዘን ነው። ሙዚየሙ ያለው ወደ ጀርመን ድንበር በምትጠጋው ዶማዥሊትሴ ከተማ፣ በአሮጌው ግንብ ውስጥ ነው። የኾዶችን ታሪክ ይጠብቃል። ኾዶች ድንበር ጠባቂ ገበሬዎች ነበሩ። ለዚህም የቼክ ንጉሥ ዮሐንስ (የሉክሰምበርጉ) በ1325 እ.ኤ.አ. መብታቸውን በደብዳቤ አጸናላቸው። ከንጉሡ በቀር ጌታ አልነበራቸውም። ምልክታቸው የውሻ ራስ ነው! እኛ ዘንድ ሰውን «ውሻ» ማለት ጠብ ነው፤ እነሱ ግን ይኮሩበታል።

በኋላ መሬቱ የላሚንገር ቤተሰብ እጅ ገባ። እንደ ማንኛውም ገባር ሥሩልን አሏቸው። ኮዚና የሚባል ገበሬ መብታችን አልተሻረም ብሎ ተከራከረ። በኅዳር 1695 እዚሁ ፕልዘን ሰቀሉት። ሲሞት የመሬቱን ጌታ ላሚንገርን «በዓመት ውስጥ በእግዚአብሔር ፊት እንገናኝ» አለው ይባላል። ላሚንገር በዓመቱ ሞተ። እኛ የድሀ እንባ የምንለው ይኸው ነው።

እዚያ ያገኘኋቸው አንዲት አሮጊት አያቶቻቸው ከየትኛው የኾድ መንደር እንደመጡ በኩራት ነገሩኝ። ቀጥለው «ያንተስ አባት ምን ይሠራሉ?» አሉኝ። «አስተማሪ ናቸው» አልኩ። ዋሸሁ። አባቴ ጎጃም ውስጥ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ነው። ከተማ ስማር «ባላገር» እያሉ ያሸማቅቁኝ ነበር። ያ እፍረት ባሕር ተሻግሮ ተከትሎኝ መጣ። የገበሬ ልጅነት በሚከበርበት ቤት ቆሜ የገዛ አባቴን ካድኩ። ወደ ቤቴ ስመለስ ባቡር ውስጥ አለቀስኩ።

ለመውጣት የምታስቡ ወንድሞችና እህቶች፣ ስለ ቪዛና ስለ ገንዘቡ የሚነግራችሁ አታጡም። እኔ ሌላ ነገር ልለምናችሁ። ሳትወጡ አባታችሁ አጠገብ ተቀመጡ። መሬቱ የማን ርስት እንደነበረ፣ መጀመሪያ ያቀናው አባት ማን እንደሆነ ጠይቁ። በስልካችሁ ቅዱት። ኾዶች መብታቸው በንጉሥ ደብዳቤ ተጽፎላቸዋል። የጎጃም ርስት ግን በአፍ ሲቆጠር የኖረ ነው፤ ቆጣሪው ሲሞት አብሮ ይቀበራል።

አባቴ ሰባት ቤት ይቆጥራል። እኔ ከሦስት አላልፍም።