ገንዘቡ አለ፣ ሰው የለም

ላፕቶፔ ላይ ያለው ዊንዶውስ አይደለም። ሊኑክስም አይደለም። ፍሪቢኤስዲ ነው። ዘሩ ከካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዩኒክስ ይመዘዛል፤ በዚህ ስሙ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አለ። ተፈትኖ የሚለቀቀው ቅጂ ሪሊዝ ይባላል። ጤነኛ ሰው እሱን ይጭናል። ከረንት የሚባለው ግን ገና በመሠራት ላይ ያለው ነው። ገንቢዎቹ ጠዋት የጻፉትን ኮድ ማታ ማሽናችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። እኔ የምጠቀመው ከረንትን ነው።

ምክንያት አለኝ። የላፕቶፔ ዋይፋይ ኢንቴል ነው። ያኔ በሪሊዙ ላይ የኔ ዓይነቱ የኢንቴል ዋይፋይ የሚሠራው በድሮው በ802.11ጂ ፍጥነት ነበር። ፈጣኖቹ ኤን እና ኤሲ መጀመሪያ የገቡት ከረንት ውስጥ ነው። ስለዚህ ገባሁ። ቤታችን ኢንተርኔት የሚመጣው ከእህቴ ስልክ ነው፤ ፓኬጁ ሲያልቅ ዋይፋዩ ቢበርም የሚያመጣው ነገር የለም። ቢሆንም የፍጥነቱን ቁጥር ማየት ደስ ይላል።

ከረንት ሌላም ጠባይ አለው። ይንቀራፈፋል። የሚንቀራፈፈው ደግሞ ሆን ተብሎ ነው። ሶርስ ኮዱ ውስጥ አፕዴቲንግ የሚባል ፋይል አለ። አናቱ ላይ በትልልቅ ፊደል፣ ያኔ 15 የነበረውን ከረንት ቀርፋፋ ነው ለሚሉ ሰዎች የተጻፈ ማሳሰቢያ አለ። ሲጠቃለል፦ አዎ ቀርፋፋ ነው፣ ስህተት ማደኛው ሁሉ ስለበራ ነው፣ ፍጥነት የፈለገ ያጥፋው። ሰውን አስቀድሞ አፍ ማስያዝ ማለት ይሄ ነው።

ከነዚህ ማደኛዎች አንዱ ዊትነስ ይባላል። ከርነሉ ውስጥ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት ውስጥ፣ ብዙ ሥራ ጎን ለጎን ስለሚሄድ አንዱ ሌላውን እንዳይረግጥ ቁልፎች አሉ። ዊትነስ ማን የትኛውን ቁልፍ በምን ቅደም ተከተል እንደያዘ ይመዘግባል። ትናንት «ሀ» ተይዞ ከዚያ «ለ» ከተያዘ፣ ዛሬ ደግሞ «ለ» ቀድሞ «ሀ» ከተከተለ፣ ሁለት ሥራዎች አንድ ቀን ተፋጠው ሊቀሩ ይችላሉ ብሎ ይጮሃል። «ሎክ ኦርደር ሪቨርሳል» ይልና ሙሉ ስክሪን የሚሞላ ቁጥርና የፈንክሽን ስም ይዘረግፋል። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይደርስም። ሰው ሳይሞት ጥሩምባ የሚነፋ የዕድር ጥሩምባ ነፊ ማለት ነው።

ዕድርን ካነሳን አይቀር፣ አባዬ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነው። የዕድሩ ዳኛ «ዘመኑ የኮምፒውተር ነው፤ ልጅህም የኮምፒውተር ሰው ነው» ስላሉት የአባላቱ ዝርዝር፣ መዋጮውም ቅጣቱም፣ እኔ ላፕቶፕ ላይ ገብቷል። ዳኛው ለአባላቱ «ዘንድሮ ሒሳብ የምንሰማው ከኮምፒውተር ነው» ብለው አስወርተዋል። ጉባኤው እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ዓርብ ማታ ደግሞ እኔ አዲስ ኮድ አወረድኩ።

ኮዱን ወደሚሠራ ሲስተም የሚለውጠውን ትዕዛዝ፣ ቢልድወርልድን፣ አስጀምሬ ተኛሁ። ጠዋት ጨርሶ ጠበቀኝ። ከርነሉን ጫንኩ፣ ሪስታርት አድርጌ ቀሪውን ጫንኩ፣ ኢቲሲ የሚባሉትን የሲስተሙን ማስተካከያ ፋይሎች አስታረቅሁ። ሁሉም በወጉ። ከዚያ ፓኬጆቹንም፣ ማለትም ተሠርተው ያለቁ ሆነው የሚወርዱትን ፕሮግራሞች፣ አደስኩና በድጋሚ ሪስታርት አልኩት።

ጽሑፉ መውረድ ጀመረ። ዲስኩ ታየ። ዋይፋዩ ታየ። መሃል ላይ ዊትነስ ጥሩምባውን ነፋ፤ ስክሪኑ በቁጥር ተሞላ። ትንሽ ቆየና አንዴ ብልጭ ብሎ ጨለመ። በቃ። ሞተ።

ፓወሩን ተጭኜ አጠፋሁት፣ አበራሁት። ያው። እንግዲህ አንድ ነገር ጮሆ ጮሆ ማሽኑ ከሞተ፣ ገዳዩ የጮኸው ነው አይደል የሚባለው? ጩኸቱን በስልክ ፎቶ አነሳሁና የፈንክሽን ስሞቹን አንድ በአንድ ማሳደድ ያዝኩ። ረፋዱ በዚህ አለቀ። በመጨረሻ እዚሁ ሙያ ላይ ላለ ጓደኛዬ ደወልኩ።

«እሱን ተወው» አለኝ። «የኔም ማሽን ላይ በየቀኑ ይወጣል። ከሱ በኋላ ምን አለ?»

«ምንም አላለም። ጨለመ።»

«ችግሩ እዚያ ጋ ነዋ!»

ከዚያ ያላሰብኩትን ነገር ነገረኝ። ከረንት ላይ ከርነሉ ሲወድቅ ማሽኑ በራሱ ሪስታርት አያደርግም። ዲዲቢ የሚባል ማረሚያ ውስጥ ይገባና «ዲቢ» የሚል ጥያቄ አውጥቶ ትዕዛዝ ይጠብቃል። የኔ የወደቀው ስክሪኑን የሚያንቀሳቅሰው የግራፊክስ ሞጁል ሥራ ሲጀምር ከሆነ፣ ጥያቄው ወጥቷል ግን አይታይም። «አልሞተም» አለኝ። «ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ እየጠበቀህ ነው። ሪሴት ብለህ ጻፍለትና ኢንተር በል።»

አባዬ በሩ ላይ የቆመው ይኼኔ ነው። እሱ የሚያየው እንዲህ ነው፦ ልጁ ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጦ በአንድ ጣት አምስት ፊደል ይለቅማል። አር። ኢ። ኤስ። ኢ። ቲ።

«ምን እየጻፍክ ነው?»

«ትዕዛዝ።»

«ለማን?»

«ለኮምፒውተሩ።»

«ጠፍቷል እኮ!»

«አልጠፋም አባዬ። ይሰማል።»

ምንም አልመለሰልኝም። ወደ ሳሎን ሄደና እማዬን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲጠይቃት ሰማሁ። «ይሄ ልጅ ማታ እንቅልፍ ተኝቷል?»

ኢንተርን መታሁት። አንድ ሁለት ሰከንድ ጸጥ አለ። ከዚያ ማራገቢያው ጮኸ፣ የአምራቹ ዓርማ ብቅ አለ። ተነሣ! ከወንበሬ ዘልዬ «ሰምቶኛል!» ብዬ ስጮህ እማዬ ሮጣ ገባች። ስትገባ ስክሪኑ ላይ ምን ነበር? የማስነሻው ሜኑ። ሜኑው ጎን እኔው ራሴ እንዲወጣ ያዘዝኩት የቢኤስዲ ዓርማ አለ። ቀንድ አለው፣ ጭራ አለው፣ መንሽ ይዟል፣ ቀይ ነው።

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!»

«እማዬ፣ ዓርማ ነው። ሰው የሣለው ነው። የታወቀውን ስዕል የሠራው ኋላ ፒክሳር ውስጥ ስሙ የገነነው ጆን ላሴተር ነው። የቅጂ መብቱ ደግሞ ማርሻል ከርክ መኩሲክ የሚባል የበርክሌይ ሰው ነው ያለው።»

«ሰይጣኑ ባለቤት አለው ነው የምትለኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ፀበሉን ከነጠርሙሱ ይዛ ተመለሰች። «ኪቦርዱ ላይ ብቻ እንዳትረጪው፣ በእመቤቴ!» ብዬ ለመንኳት። ግድግዳውንና እኔን ረጭታ ወጣች። እውነቱን ለመናገር ቅር አላለኝም። በዚያ ሰዓት ማንኛውንም እርዳታ እቀበል ነበር።

ሜኑው ላይ አሮጌውን ከርነል መረጥኩ። አዲስ ከርነል ሲጫን የቀደመው ከርነል ዶት ኦልድ በሚል ስም ይቀመጣል፤ ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ተነሣ። ግራፊክስ የለም፣ ጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ። አንድ መስመር ግን ትቶልኛል። የግራፊክስ ሞጁሉ የሚፈልገው ከርነል የለም ወይም ቨርዥኑ አይገጥምም፣ ስለዚህ አልጫንም ይላል።

ነገሩ የተገለጠልኝ እዚህ ላይ ነው። የኢንቴል ግራፊክስ ሞጁል ከዋናው ሶርስ ኮድ ጋር አይኖርም። ለብቻው በፓኬጅ ነው የሚመጣው። ቢልድወርልድ ዓለሙን ሁሉ ሲሠራ እሱን አይነካውም። በፓኬጅ ያመጣሁት ሞጁል ደግሞ የተሠራው በአሮጌው ከርነሌና በአዲሱ ከርነሌ መካከል በነበረ ኮድ ላይ ነው። አሮጌው ከርነል ላይ ሲጭኑት «ካንተ እኔ እበልጣለሁ» ብሎ እምቢ ይላል። ጨዋ ነው፣ ምክንያቱንም ይናገራል። አዲሱ ከርነል ላይ ግን ዋናው ቁጥር 15 እስከሆነ ድረስ ትንሽ ማርጀቱን ማንም አይጠይቀውም። ሰተት ብሎ ይገባል። በመሃል የውስጡ አቀማመጥ ተለውጦ ከሆነ የማይገባውን የሜሞሪ ቦታ ይረግጥና ቤቱን ይዞት ይወድቃል። አንድ ቃል ሳይተነፍስ። ያ ሁሉ ጥሩምባ ለምንም ሲነፋ፣ ለዋናው ሬሳ ማንም አልነፋም።

ሞጁሉን የሚጠራውን መስመር ከማስነሻ ፋይሉ ላይ አጠፋሁና በአዲሱ ከርነል ተነሣሁ። በሰላም ገባ። ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ግን ሕያው ነው። አባዬን ጠራሁት።

«ዝርዝሩ አለ?» አለኝ።

«አለ። ላሳይህ።»

ዝርዝሩን በተራ የጽሑፍ ፋይልም አስቀምጬው ነበር። ከፈትኩት። የፍሪቢኤስዲ ጥቁር ኮንሶል ዩኒኮድ ይገባዋል። አብሮት የሚመጣው ፎንት ግን የግዕዝ ፊደል የለውም። የማያውቀው ፊደል ሁሉ ሲመጣበት ያንኑ አንድ ምልክት ያወጣል። ስለዚህ ከዳር እስከ ዳር፣ ከዳኛው ጀምሮ እስከ ጥሩምባ ነፊው፣ የዕድሩ አባል ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ተሰልፏል። ቁጥሮቹ ግን ፍንትው ብለዋል። መዋጮ፣ ውዝፍ፣ ቅጣት።

አባዬ መነጽሩን አወለቀ። ጠረገው። መልሶ አደረገው።

«ገንዘቡ አለ» አለ። «ሰው የለም።»

«ሰዎቹም አሉ አባዬ፣ አይታዩም እንጂ።»

«ነገ ተነሥቼ ለጉባኤው ይሄን ልበል? አላችሁ፣ አትታዩም?»

መፍትሔው አንድ ነው። ሞጁሉን በፓኬጅ ማምጣት ትቶ፣ ፖርትስ ከሚባለው ፕሮግራምን ከኮዱ መሥሪያ ስብስብ፣ እማሽኔ ላይ ባለው ኮድ፣ ለአዲሱ ከርነል በልኩ መሥራት። ጀመርኩ። እዚህ ላይ ያ የአፕዴቲንግ ማሳሰቢያ መጥቶ ፊቴ ላይ ቆመ። ስህተት ማደኛው ሁሉ በርቷል። እያንዳንዱ ቁልፍ ይመዘገባል፣ እያንዳንዱ ነገር ይፈተሻል። ማሽኑ ሥራውን በሙሉ የሚሠራው ራሱን እየተጠራጠረ ነው። ምሽት ላይ መብራት ጠፋ። ባትሪው አርጅቷል፣ ብዙም ሳይቆይ እሱም ተከተለ። ዲስኩ ላይ ፋይል የሚይዘው ዜድኤፍኤስ የሚባለው ሥርዓት ስለሆነ ፋይል አልተበላሸም። ግን እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነው። መብራት ሲመጣ ሌሊት ነበር። ቁጭ አልኩ።

ሲነጋጋ አለቀ። በማስነሻው ፋይል ላይ መልሼ ከመጻፌ በፊት በእጄ ጫንኩት፤ ቢወድቅ እንኳ የሚቀጥለው መነሣት ሰላም ይሆናል። ኢንተር። ስክሪኑ ብልጭ አለ። ጨለመ። ትንፋሼን ያዝኩ። ጽሑፉ ተመልሶ መጣ፤ ፊደሉ ደቃቅ፣ ስክሪኑ በሙሉ ስፋቱ ጥርት ያለ። ወደፊት ከርነል በሠራሁ ቁጥር ይሄም ሞጁል አብሮ እንዲሠራ ፖርትስ ሞጁልስ የሚባለውን መስመር ጻፍኩ። እናንተም ከረንት የምትሞክሩ ከሆነ ከዚህ ሁሉ ወሬ እሷን መስመር ያዙ።

አባዬ ከሌሊቱ ጀምሮ ጋቢውን ለብሶ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ዳኛው ቃል የገቡት ኮምፒውተሩን ነውና ያለሱ አልሄድም አለ። ላፕቶፑን አቅፌ ተከተልኩት። ስንደርስ ሁለት ሰዓት አልፏል፤ ሰው ሞልቷል።

«እንግዲህ ኮምፒውተሩ ይናገር» አሉ ዳኛው።

ሊብሬኦፊስን ከፈትኩ። ዓርማው መጣ። የምትሞላዋ መስመር መንቀሳቀስ ጀመረች። ቆመች። ትንሽ ተንቀሳቀሰች። ያ ሁሉ ማደኛ እንደበራ ነው፤ ያለ ማደኛ የሚነሣውን ከርነል ለመሥራት ጊዜ አልነበረኝም። አንዲት እናት «ሻይ ይፍላ?» አሉ። ሻዩ ፈላ። ተጠጣ። ፋይሉ እየተከፈተ ነው።

አባዬ ከጋቢው ሥር አንድ ትልቅ ባሕር መዝገብ አወጣ። ዓመቱን ሙሉ በእጁም ሲጽፍ ኖሯል ለካ! ለኔ አልነገረኝም። ገልጦ ማንበብ ጀመረ። ስም፣ መዋጮ፣ ውዝፍ። ግማሹን ሲጨርስ ዝርዝሩ እኔ ስክሪን ላይ ብቅ አለ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ሒሳቡ ካለቀ በኋላ አርፍደው የመጡ ሰዎች ቅጣት ተነሣ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። «ጸሐፊውስ?»

ክርክር ተከፈተ። አንዱ ወገን ያስረፈደው ኮምፒውተሩ ነው፣ ጸሐፊውን አይመለከትም አለ። ሌላው ወገን ደግሞ፣ ኮምፒውተር የዕድሩ አባል አይደለም፣ አባል ያልሆነ አይቀጣም አለ። አንዱ ደግሞ የኮምፒውተሩ ባለቤት ይቀጣ ቢል፣ እኔም በአባቴ ሥር እንጂ በስሜ እንዳልተመዘገብኩ ተደረሰበት። በመጨረሻ ዳኛው ወሰኑ። ቅጣቱ በጸሐፊው ስም ይጻፍ፣ ብሩን ግን ልጁ ይክፈል።

አባዬ እስክሪብቶውን አንስቶ የራሱን ስም በሚያምር ጽሕፈቱ ጻፈ። ከዚያ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።