ጭራቅ ቤት ከአጠናና ከጥቁር ጨርቅ

በአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ እስከ ሃሎዊን፣ በእኛ አቆጣጠር እስከ ጥቅምት 21 ድረስ ብቻ የሚከፈቱ የማስፈራሪያ ቤቶች አሉ። ትኬት ይቆረጣል፣ በጨለማ መተላለፊያ ይኬዳል፣ ተጮሆ ይወጣል። ጎንደር ላይ ለትምህርት ቤት ክበብ ገቢ ማሰባሰቢያ ይህንኑ ልሥራ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጭንብል ከመግዛት ይጀምራል። ስህተቱም እዚያው ይጀምራል። ሰው ጭራቁን ካየው በኋላ ይስቃል፤ የሚፈራው መጣ አልመጣ እያለ ሲጠብቅ ነው። ስለዚህ ገንዘቡም ልፋቱም መተላለፊያው ላይ ይዋል።

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ህዳር 14 ያለው ጊዜ ይመቻል። ዝናቡ ቆሟል፣ ማታው ይቀዘቅዛል፣ ጾመ ነቢያት ደግሞ የሚገባው ህዳር 15 ነው። ጥር ከሆነ ከተማው በጥምቀት፣ ቀጥሎ በሰርግ ይያዛል፤ ጄኔሬተር የሚያከራይ ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ህዳር 12ን ግን ዝለሉት። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሲያቃጥል ስለሚውል፣ ውስጥ የእውነት እሳት ቢነሳ ጭሱን ማንም ልብ አይለው።

7 በ8 ሜትር የሆነ መማሪያ ክፍል ይበቃል። አጠና አቁማችሁ ጥቁር ጨርቅ በመወጠር መንገዱን ሦስት ጊዜ ብታጥፉት ወደ 30 ሜትር ገደማ ይወጣዋል፤ በጨለማ እየዳበሱ ሲሄዱት አራት ደቂቃ ይፈጃል። በአጠናዎቹ መካከል 1 ሜትር ከ20 ይኑር። ጠባብ እንዲመስል ከሁለቱም ወገን የተቀደደ ጨርቅና ማዳበሪያ አንጠልጥሉ፤ ትከሻ ይነካል፣ ሲገፉት ግን ይለቃል። ግድግዳውን ራሱን ማጥበብ አደጋ ነው። አጠናው ከላይ እርስ በርሱ በአግዳሚ ካልተያያዘ፣ አንድ ደንጋጭ ሲደገፈው ተያይዞ ይወድቃል።

ሰው ከደጅ ብርሃን በቀጥታ አይግባ። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ያን ያህል ማቆየት ባይቻልም፣ ደብዛዛ ቀይ አምፖል ያለበት ማቆያ ውስጥ ሦስት ደቂቃ መቆም ብዙ መደናቀፍ ያስቀራል። መጠበቁ ራሱም ያስፈራል። ስልክ እዚያው ይሰብሰብ፤ አንድ የስልክ መብራት የሁሉንም ዓይን ያበላሻል። በየአራት ደቂቃው አምስት ሰው ማስገባት በሰዓት 75 ሰው ማለት ነው። ሰልፉ ረዘመ ብላችሁ በየሁለት ደቂቃው ካስገባችሁ፣ የኋላው ቡድን የፊተኛውን ይደርስበትና ድንጋጤውን ቀድሞ ያየዋል።

በጨለማ በእጅ የሚዳሰሰው ከወጥ ቤት ይገኛል። ተልባ ውሃ ውስጥ ሲያድር የሚያዝለገልግ ነገር ይሆናል፤ ገበታ ላይ አድርጋችሁ ከጎኑ እርጥብ አጎዛ አስቀምጡ። በቀይ ሥር ውሃ ቢለወስ ደም ይመስላል፣ ነገር ግን ነጠላ ከነካ አይለቅምና ከፕላስቲክ ጀርባ ይሁን።

የጅብ ድምፅ እዚህ ተንኮል ይፈልጋል። ጎንደሬ ማታ ማታ እውነተኛውን ስለሚሰማ በስልክ ድምፅ አይታለልም። ጅብ ሲጮህ ከወፍራም ይነሳና መጨረሻ ላይ ሽቅብ ይወጣል፤ ትንሽ ስፒከር ወፍራሙን ያጠፋዋል። ስፒከሩን ባዶ ጋን ውስጥ ክተቱት፣ ድምፁ ይጎረናል። ከጀርባ በኩል መሬት ላይ አስቀምጡት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይጩህ።

መንፈስ ማሳየት ለሚፈልግ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1862 ለንደን ላይ ጆን ፔፐር መድረክ ላይ ያሳየው ዘዴ ዛሬም ይሠራል። ትልቅ የመስኮት መስታወት በተመልካቹ ፊት በ45 ዲግሪ ይጋደማል፤ ከጎን በተሸሸገ ክፍል ነጭ ነጠላ የለበሰች ልጅ በጥቁር ጨርቅ ፊት ትቆማለች። የእሷ መብራት ቀስ እያለ ሲጨምር ምስሏ ከመስታወቱ ወዲያ ተንሳፍፎ ይታያል። የጣት አሻራና አቧራ ሁሉን ያጋልጣል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ይወልወል። ከፊቱ አንድ ሜትር ርቆ የእንጨት አጥር ይኑር።

የተደበቀው ልጅ ከፊት አይምጣ። ከፊት ከመጣ ሰው ወደኋላ ይሮጥና ከሚቀጥለው ቡድን ጋር ይጋጫል። ከጎን ወይም ከኋላ፣ መሪውን አሳልፎ መካከለኛውን ያስደንግጥ፤ መሪው ተዘጋጅቷልና። ማንንም አይንካ፣ ከክንድ ርዝመት ውጭም ይሁን። የደነገጠ ጎረምሳ መጀመሪያ የሚሰነዝረው ቡጢ ነው።

ቡዳና ዛር ይቅሩ። በቡዳ ስም ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ ሲገለል በኖረበት አገር፣ በሸክላ ሥራ የሚታወቀው የወለቃ መንደር አፍንጫችን ሥር እያለ፣ ይህ ጨዋታ አይሆንም። የተኩስ ድምፅም ይቅር፤ እዚህ ያንን የሰማ ሰው ይሮጣል፣ ጨለማ ውስጥ ደግሞ መረጋገጥ አለ። ቶሎ ቶሎ እየበራ የሚጠፋ መብራት የሚጥል በሽታ ያለበትን ሊያስነሳበት ስለሚችል እሱንም ተዉት።

ጧፍ፣ ኩራዝ፣ ከሰል አይገባም። እንደ አውሮፓውያን በ1984 ኒው ጀርሲ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ተቃጥሎ ስምንት ወጣቶች ሞተዋል፤ ግድግዳው ላይ ስፖንጅ ነበረ፣ እሳቱን በራሱ የሚያጠፋ የውሃ መርጫ አልነበረም። ስለዚህ ስፖንጅ አትለጥፉ፣ ሁለተኛው በር አይቆለፍ፣ በየእጥፉ ቻርጅ የተደረገ ፋኖስ የያዘ ልጅ ይቁም። መብራት መጥፋቱ አይቀርም፤ ሲጠፋ ሁሉም ፋኖስ በአንድ ጊዜ ይበራል፣ ሰው ይወጣል፣ ትኬቱም ለሌላ ቀን ያገለግላል።

መውጫው ላይ ብርሃንና የሚጠጣ ውሃ ይኑር። እያለቀሰ የሚወጣ ሕፃን አይጠፋም፤ ጭራቁ ራሱ ወጥቶ ጭንብሉን ይገልብጥና ካርቶኑንና ሙጫውን በእጁ ያስነካው።